እስከ ግቢው በር

ጥቅምት 3

ለውድ ዋርሳዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። አንቺ ደህና ከሆንሽ እኛም ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁና እጄ እምቢ አለ። ስለዚህ እንዲህ ልበል፤ ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ በወጣሽበት በር በሰላም መልሶ ያስገባሽ። እኛ አለን።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልኩ ስላስቸገረኝ ነው። ያን ዕለት ስትደውዪ አንቺም አለቀስሽ፣ እኔም አለቀስኩ፤ አንድ ነገር ሳንነጋገር ካርዱ አለቀ። አሁን ደግሞ እማማ ቤት ገብተዋል፤ ጆሯቸው እንደምታውቂው ግድግዳ አያግደውም። ድምፄን ዝቅ ሳደርግ "ሆስፒታል የገባሁት ዳሌዬን ላስጠግን ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው" ይሉኛል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ በጽሑፍ ልንገርሽ። ትምህርቴ ትንሽ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ስህተቱን አርመሽ አንብቢ።

እናትሽ ሐሙስ ዕለት ከሆስፒታል ወጡ። የተሰበረው ዳሌ ተጠግኗል፤ ሐኪሙ ብረቱ የገባበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። ሲያሰናብተን ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛው፣ ይንቀሳቀሱ፤ አልጋ ላይ ከዋሉ እዚያው ይቀራሉ አለ። ሁለተኛው፣ ልባቸው ደክሟልና ድንገተኛ ነገር እንዳይሰሙ አለ። ይህን ሲል ወንድምሽ ጫማውን አየ፤ እኔ መስኮቱን አየሁ።

የት እናስተኛቸው የሚለው ነገር መጣ። ቤቱን ታውቂዋለሽ። የኛ መኝታ ቤት ደረጃ አለው፤ ሳሎኑ ከሽንት ቤት ይርቃል። ደረጃ የሌለው፣ ለሽንት ቤት የሚቀርበው ያው የልጄ ክፍል ነው። እዚያ አስተኛናቸው። ዕቃዋን ላወጣው አስቤ ነበር፤ ግን ባወጣው የት ሄደች ሊሉኝ ነው። ደብተሮቿ ጠረጴዛው ላይ፣ ሹራቧ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ፣ ነጠላ ጫማዋ አልጋው ሥር እንዳለ ገቡበት። "ቁንጥንጤ ክፍሏን ለቀቀችልኝ?" አሉ ደስ ብሏቸው። አዎ አልኩ። ፈተና ስለደረሰ እህቴ ዘንድ ሄዳ እያጠናች ነው አልኩ።

የዚያን ቀኑን ነገር በስልክ አልነገርኩሽም። ለእማማ ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ልብስ እያጠብኩ ነበርና "እስቲ ዛሬ አንቺ አድርሺላቸው" አልኳት። ሾርባውን በቀዩ ፔርሙዝ ሞላሁላት። ሆስፒታሉ በር ላይ መንገድ ስትሻገር መኪናው አገኛት። ያስገቧትም እዚያው ሆስፒታል ነው፤ እማማ ፎቅ ላይ፣ እሷ ምድር ቤት። ስደርስ አልቆ ነበር። የበሩ ዘበኛ ፔርሙዙን ታቅፎ ጠበቀኝ። አልተሰበረም። ከፍቼ ሳየው ሾርባው ገና ትኩስ ነበር።

ከዚያ ያደረግሁትን ለማንም አልተናገርኩም። ሾርባውን መታጠቢያው ላይ ደፋሁት፤ ፔርሙዙን አለቀለቅሁት፤ ፊቴን ታጠብኩና ፎቅ ወጣሁ። የምሳ ሰዓት አልፎ እማማ እየጠበቁ ነበራ። "ምሳዬስ?" አሉኝ። ልጅቷ ረስታው ትምህርቷ ሄደች አልኳቸው። ጎናቸው የተኛችው ታማሚ ከራሷ አካፈለቻቸው። እስከ ዛሬ "ያቺ ሾርባዬን የበላች" እያሉ በልጅቷ ላይ ይዝታሉ።

ጥቁሬን ውጭ ኩሽናው ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። እማማ ዘንድ ስገባ አበባ ያለበትን ቀሚሴን እለብሳለሁ። ሊያጽናኑኝ የሚመጡትን የግቢው በር ላይ ነው የምቀበላቸው። የፊት ለፊታችን ልብስ ሰፊ አፏን በመዳፏ ይዛ ነው የምታለቅስልኝ። ሌሎቹም እንደዚያው፤ ድምፅ ሳያወጡ አልቅሰውልኝ ይመለሳሉ።

ሙያው ያንቺ ስለሆነ እጠይቅሻለሁ። እንዴት ነው የማነሳቸው? ሳነሳቸው እሳቸውንም ያማቸዋል፣ ወገቤም አልቻለም። ደግሞ ስለሷ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? እህቴ ዘንድ ነች የሚለው ስንት ጊዜ ያዘልቀኛል?

የወንድምሽ ሚስት


ጥቅምት 24

ለምወድሽ እትዬ፣

የእናቴን እግር የምታጥቢልኝ፣ ልጅዋ ሆኜ ያልሆንኩላትን የሆንሽላት፣ ጉልበትሽን አይንሳሽ። እዚህ ብርዱ ጀምሯል፤ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ስለ ፔርሙዙ የጻፍሽው ላይ ስደርስ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ቀኑን ሙሉ ኪሴ ውስጥ የሚሞቅ ይመስለኝ ነበር። ምን እላለሁ። እዚያ አልነበርኩም። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ይህን ስጽፍልሽ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እኔም አፈርኩ።

የማውቀውን ልንገርሽ። ሥራዬ ከሆስፒታል የወጡ አረጋውያን ቤት መሄድ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስሄድ በሩ ላይ እቆምና ከሰውየው በፊት ወለሉን አያለሁ። የሚጥላቸው ወለሉ ነው። አንቺም በሩ ላይ ቆመሽ እዪው፤ ምንጣፍ፣ ገመድ፣ የተነሳ ሸክላ። አልጋው ከጉልበቷ ዝቅ ካለ ከሥሩ ጡብ አድርጉበት። የምትቀመጥበት ወንበር ክንድ መደገፊያ ይኑረው።

ስታነሻት ክንዷን አትጎትቺ። አልጋው ጫፍ ላይ ታስቀምጫታለሽ፤ እግሯን መሬት ታስረግጫታለሽ፤ እጅሽን ወገቧ ላይ አድርገሽ ራሷ እስክትነሳ ትጠብቂያለሽ። ዋናው መጠበቁ ነው። የምትነሳው እሷ ናት፤ አንቺ እንዳትወድቅ ነው ያለሽው።

ከዚያ ሁሉንም የምንጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለ። የት ድረስ መሄድ ይፈልጋሉ? እንላቸዋለን። እኛ አንመርጥላቸውም። ሰው ራሱ ለመረጠው ቦታ ካልሆነ ሕመም ችሎ አይነሳም። አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ አለኝ፤ እስከ ፖስታ ሳጥኔ አለኝ። የሚጽፍለት ሰው የለም፤ ግን ሳጥኑን በራሱ እጅ መክፈት ይፈልጋል። እናቴንም ጠይቂያት።

የልጅቷን ነገር አሁን አትንገሪያት። ለጊዜው ሆድ ይፍጀው። የመረጠችው ቦታ በእግሯ የደረሰች ቀን ልቧም ጠንክሯል ማለት ነው፤ ያን ቀን ትነግሪያታለሽ። እኔም በሐሳቤ አጠገብሽ እቆማለሁ።

ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ በሰው እጅ ልኬላታለሁ። ቁጥሯን የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ጫማዋን እያጠለቅሁ ስለምሮጥ ነው።

ያንቺው


ኅዳር 14

ለውድ ዋርሳዬ፣

በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እንግዳ አገር የሚወድሽ ሰው አያሳጣሽ። ደብዳቤሽን እየደጋገምኩ አንብቤ እንደጻፍሽው አደረግሁ።

በሩ ላይ ቆሜ ወለሉን አየሁት። እውነትሽን ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ጠርጌዋለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም። ምንጣፉን ጠቅልዬ አወጣሁ፤ የመብራቱን ገመድ በግድግዳው ጥግ በሚስማር አስያዝኩ፤ የሽንት ቤቱን ደፍ ወንድምሽ በሲሚንቶ ደፈነው። እማማ ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ባዶውን ወለል አይተው "ተዘረፍን ወይስ ሸጣችሁኝ?" አሉ። ልጅዎ ናት ያዘዘችው አልኳቸው። "እሷማ ከሕፃንነቷም ቤት ማተራመስ ነው ሥራዋ" አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ለመጣው ሰው ሁሉ ልጄ አዝዛ ይሉ ነበር።

ማንሳቱንም ለመድኩት። እጄን ወገባቸው ላይ አድርጌ ስጠብቅ "እያገዝሽኝ ነው ወይስ ቆመሽ እያየሽኝ ነው?" ይሉኛል። ሁለቱንም ነው እላቸዋለሁ።

የት ድረስ መሄድ ይፈልጋሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ማሰብም አላስፈለጋቸው። እስከ ግቢው በር አሉ። ለምን አልኳቸው።

"ያቺ ቁንጥንጥ ስትመጣ እዚያ ቆሜ ልጠብቃት። ጆሮዋን ይዤ፣ ሾርባዬን የት እንዳደረሰችው ትነግረኛለች።"

ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ሌላ ቦታ ይምረጡ ማለት አልቻልኩም፤ እኛ አንመርጥላቸውም ብለሻል።

አሁን ከአልጋ ወደ ወንበር ራሳቸው ይሸጋገራሉ። በምርኩዝና በኔ እጅ በረንዳው ድረስ ወጥተዋል። ከበረንዳው የግቢው በር ይታያል። ምርኩዛቸውን ተደግፈው አሻግረው ያዩታል፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው። በየቀኑ ትንሽ ይጨምራሉ። እኔ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ እስከ በሩ የቀረውን እርምጃ እቆጥራለሁ።

ወንድምሽ ባለፈው ሳምንት በመኪናው ጭነት አድርሶ ሲመለስ ቤት ገባ። መንገዱ በእህቴ ከተማ በኩል ነው። እማማ አንገቱን አቅፈው ስመውት "ልጅህን አየሃት?" አሉት። አየኋት አለ። "ከሳች?" አሉት። ደህና ናት አለ። ከዚያ ጎማውን ልየው ብሎ ወጣ፤ እዚያው መኪናው ውስጥ አደረ። በማግስቱ ቁርስ ሳይበላ ሄደ።

ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ልጻፈው አልጻፈው ስል ሰነበትኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የክፍሉ ግድግዳ ይቀላል። ያኔ እማማ ወደ በሩ ያዩና ፈገግ ይላሉ። ማንን አዩ ብላቸው "መጣች" አሉኝ። ማን አልኩ። "ልጅሽ ናታ። በሩ ላይ ትቆማለች፤ አትገባም። ስለ ሾርባው አፍራ ይሆናል።" ምን ለብሳለች አልኳቸው፤ ለምን እንደጠየቅሁ እንጃ። በሸሚዝ ብቻ ናት፣ ብርድ ይዟታል አሉኝ።

ያን ቀን ስትወጣ ሹራቧን ትታ ነው የሄደችው። ሹራቡ ይኸው በሩ ጀርባ ነው። ይህን ለእማማ የነገረ ሰው የለም።

የወንድምሽ ሚስት


ታኅሣሥ 2

ለምወድሽ እትዬ፣

ድካምሽን ይቁጠርልሽ። እናቴ በረንዳ ደረሰች የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ጮህኩ፤ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበብኝ።

ስለምታየው ነገር አትደንግጪ። ከቀዶ ጥገና በኋላ አረጋውያን የሌለ ሰው ያያሉ። የኔ ባቡር ነጂ ሳሎኑ ውስጥ ተሳፋሪዎች ይቆሙበት ነበር፤ ትኬት ሳይቆርጡ ገቡ እያለ ይቆጣቸው ነበር። አሁን ወርደውለታል። ውሃ በደንብ ትጠጣ። ሽንቷ ያቃጥላት እንደሆነ ጠይቂያት፤ ካቃጠላት ሐኪም ያስፈልጋታል። ቀን ቀን መነጽሯን ታድርግ። ሳይመሽ መብራቱን አብሪ፤ ብዙ ጊዜ ሰው የሚመስለው ጥላ ነው። የለችም ብለሽ አትከራከሪያት፤ አለች ብለሽም አትጨምሪላት።

ሹራቡን ከበሩ ጀርባ አውርጂው። ይህን የምልሽ ለእናቴ ብዬ አይደለም።

በረንዳው ላይ ቆማ አንድ ፎቶ ላኪልኝ። ቆማ እንጂ ተቀምጣ አይደለም። አንድ እሁድም ልደውልላችሁ፤ አሁን ድምፄን መያዝ የምችል ይመስለኛል።

ያንቺው


ጥር 11

ለውድ ዋርሳዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኛ ሦስታችንም ደህና ነን። ወንድምሽ መንገድ ላይ ነው፤ ከመጣ ቆየ።

መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ እንጃ። እማማ ውሃ ይጠጣሉ። ሽንታቸውም አያቃጥላቸውም፣ ጠይቄያለሁ። መነጽሩ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ አፍንጫቸው ላይ ይከብዳቸዋል። መብራቱን አብሪ ብለሽኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ያማቸዋል ብዬ ተውኩት።

ጫማው ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልን። እንዳይቆሽሽ ከነሳጥኑ አስቀምጬዋለሁ። ሰሞኑን ቅዝቃዜ ስለሆነ አልወጣንም። እግራቸው አበጥ ብሏል፤ ግራ ተረከዛቸውም ቀላ ብሏል፤ ትንሽ ይረፉ ብዬ ነው። በሩ የትም አይሄድ። ወንበራቸውን ከመስኮቱ ወደ ክፍሉ በር አዙሬላቸዋለሁ፤ ወደ ማታ ላይ አብረን እንቀመጣለን።

እሳቸው ያያሉ፤ ለኔ ይነግሩኛል። ትናንት ፀጉሯን ተሠርታ ነበር አሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ እግሯን እየቀያየረች ስትቆም ነበር፤ ታውቂያታለሽ፣ አንድ ቦታ አታርፍም። እኔ አላያትም። የት እንደምትቆም ግን አሁን አውቃለሁ፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ቦታ ትቼላት ወደ ጎን ጠጋ ብዬ ነው የማልፈው።

ስለሷ የሚያወራ ሌላ ሰው የለም ዋርሳዬ። ሰዎቹ እኔ ፊት ሲሆኑ ስሟን ይዘሉታል፤ ወንድምሽም ይዘለዋል። የሚቆጧት እማማ ብቻ ናቸው። ሲመሽ መቼ ነው የምትገባው የሚሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ትምህርቷን ጠየቁኝና በሒሳብ አንደኛ ወጣች አልኳቸው። "በሒሳብ? ያቺ?" አሉ። "አስተማሪውም ሒሳብ አይችል።" ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ሹራቡን አላወረድኩትም። አሮጌ ነው፤ ክርኑ አልቋል። ከቻልሽ አንድ ወፍራም ሹራብ ላኪልኝ፤ እማማ ብርድ ይዟታል ብለው እየተጨነቁ ነው። አንቺ ካየሻት ወዲህ አድጋለች፤ እጅጌው ረዘም ይበል። ቀለሙን አንቺ ታውቂያለሽ።

አትደውዪ። ማታ በዚያ ሰዓት ስልኩ ከጮኸ ትሄዳለች። ፎቶውን ሌላ ጊዜ።

የወንድምሽ ሚስት


ጥር 29

እትዬ፣

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ።

ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ መውረጃዬን አለፍኩ። ሦስታችንም ደህና ነን አልሽኝ። ወንድሜ መንገድ ላይ ከሆነ ሦስተኛው ማን ነው?

ተረከዝ በመሄድ አይቀላም፤ በመቀመጥ ነው የሚቀላው። ከቀላ በኋላ ይቆስላል፤ ቁስሉ ሆስፒታል ይመልሳታል፤ ሁለተኛ ከገባች በእግሯ አትወጣም። ይህን በየቤቱ አይቼዋለሁ። ጫማው ሳጥን ውስጥ ነው። መነጽሯ መሳቢያ ውስጥ ነው። መብራቱ አይበራም። እትዬ፣ እናቴን ከበሩ ያስቀራት ብርዱ አይደለም።

አልፈርድብሽም። እኔ ልጅ የለኝም፤ እንኳን ልፈርድ። ይልቅ ቋጠሮውን የቋጠርኩብሽ እኔ ነኝ። በሩ የደረሰች ቀን ንገሪያት ስልሽ የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ አሰርኩ። ለሌላ ሰው እናት እንዲህ ያለ ነገር አዝዤ አላውቅም፤ የራሴ ሲሆን ሳትኩ። አሁን እፈታዋለሁ። ብትነግሪያትም ባትነግሪያትም እናቴን አስነሺልኝ። መንገሩ ካቃተሽ እኔ ደውዬ እነግራታለሁ፤ ጥላቻዋም ለኔ ይሁን።

ባቡር ነጂው ሞተ። ሴት ልጁ በጣም ደግ ናት፤ እንዳይደክም ብላ ከሳጥኑ የምታገኘውን የማስታወቂያ ወረቀት ሁሉ አልጋው ድረስ ታመጣለት ነበር። ለመነሳት ምክንያት አጣ። የሳጥኑን ቁልፍ ትራሱ ሥር አገኘነው።

ሹራብ አልልክም። ይቅር በይኝ። ለቁንጥንጧ ልገዛላት የምፈልገው ነገር ብዙ ነበር።

ሰላምታው ይኸው፤ በምድር ላይ ያለሽኝ እህት አንቺ ነሽ። አንድዬ ካለሽበት ያውጣሽ።

ያንቺው


የካቲት 21

ለውድ ዋርሳዬ፣

ምርቃቱን ከፊት ላድርገው፤ መጨረሻ ላይ እጄ አልታዘዝ ይለኝ ይሆናል። ወረቀትሽ ይለቅ፤ መንገድሽ ይከፈት፤ እናትሽ ቆመው ያግኙሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ተናደድኩብሽ። ሩቅ ሆኖ መምከር ቀላል ነው ብዬ ጨምድጄ ወረወርኩት። በማግስቱ ጠዋት እግራቸውን ሳጥብ ግን ተረከዙን አዙሬ አየሁት። ቆዳው ሊከፈት ምንም አልቀረው። ሲነካ ያማል ወይ አልኳቸው። "ያማል እንጂ፤ አንቺ ይረፉ ስትዪኝ ጊዜ ዝም ብዬ ነው" አሉኝ። ወረቀቱን ከጥጉ አንስቼ አቃናሁት።

ጫማውን ከሳጥኑ አወጣሁ። "ይህ ሙሽራ የት ተደብቆ ኖሮ ነው?" አሉ እማማ። መነጽራቸውን ጠርጌ ሰጠኋቸው። አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። "ከስተሻል" አሉኝ።

እንደ አዲስ ነው የጀመርነው። የለመዱት ሁሉ ጠፍቶባቸው ነበር። በረንዳው ላይ ሲደርሱ እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ እኔ እጄን ወገባቸው ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ከዚያ እስከ ልብስ ማስጫው። ከዚያ እስከ ቧንቧው። ወደ ማታ ላይ መብራቱን አበራሁ። እማማ ወደ በሩ ማየታቸውን አልተዉም፤ እኔ ግን አልጠየቅኋቸውም። አለመጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቧንቧው ጋ ቆመው አረፉና "እንሂድ" አሉ። በሩ ደረሱ። እኔን ለቀው ብረቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። መቀርቀሪያውን ሳብኩላቸው። መንገዱን አዩት፣ ወዲህና ወዲያ። ልብስ ሰፊዋ ከማሽኗ ቀና ብላ አየችን፤ እግሯን ከፔዳሉ ስታነሳ መንገዱ ጸጥ አለ።

"በየት በኩል ነው የምትመጣው?" አሉኝ።

ብዙ አዘጋጅቼ ነበር። ከሩቅ ጀምሬ፣ እያለሳለስኩ፣ ወንበር አቅርቤ። አንዱም አልመጣልኝ።

"አትመጣም እማማ" አልኩ።

ፊታቸውን አላዞሩም። መንገዱን እያዩ ጠየቁኝ።

"ሾርባውን ይዛ ነበር?"

"ይዛ ነበር።"

ለካ ሾርባዬ ሾርባዬ ሲሉ የኖሩት ለሆዳቸው አልነበረም። ምን ያህሉን አውቀው ምን ያህሉን ፈርተው እንደኖሩ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ወደ እኔ ዞሩና የአበባውን ቀሚሴን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙ።

"ይህን አውልቂው" አሉኝ።

ከዚያ ወደ መሬት ዘመም አሉ። ክንዳቸውን አልጎተትኩም። እንዳልሽው በወገባቸው ይዤ ቀስ አድርጌ ሳወርዳቸው ልብስ ሰፊዋ የራሷን በርጩማ ይዛ ሮጣ ደረሰች። እሳቸው በርጩማው ላይ፣ እኔ መሬት ላይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ጮኽን። ድምፄ እንዲህ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ሰው ወጣ። አፋቸውን ይዘው ያለቀሱልኝ ሁሉ መጥተው በድምፃቸው አለቀሱ። ወንዶቹ እማማን ተሸክመው ሊያስገቡ ሲጠጉ ምርኩዛቸውን አነሱባቸው። "በእግሬ ነው የወጣሁት" አሉ። በእግራቸው ገቡ።

የጤና ጣቢያው ነርስ መጥታ ልባቸውን አዳመጠች። ደክሟል፣ ግን እየሠራ ነው አለች። ተረከዙም እየደረቀ ነው። ወንድምሽ ቅዳሜ ሲመጣ እናቱ ልጅህን አየሃት አላሉትም። አጠገባቸው አስቀምጠው እጁን ይዘው ዋሉ። መኪናው ውስጥ አላደረም።

እሁድ ዕለት "ፔርሙዙስ?" አሉኝ እማማ። አለ አልኳቸው። ከቁም ሳጥኑ ሥር፣ ከጨርቅ ውስጥ አውጥቼ አሳየኋቸው። "ሾርባዬን በሱ አምጪልኝ" አሉ። ሞላሁት፤ ከኩሽና እስከ ክፍሉ ተሸክሜው ገባሁ። በክዳኑ እየቀዱ እስኪያልቅ ጠጡት።

ሹራቡን ከበሩ ጀርባ አወረድኩት። እማማ በረደኝ ብለው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። እኔ ጥቁሬን ለብሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ቤት ውስጥ ስለብሰው የመጀመሪያዬ ነበር። ግድግዳው ቀላ። መብራቱን ላበራ ብድግ ስል እማማ እጄን ያዙኝ። መነጽራቸውን አድርገዋል። ልጠይቅ አልፈለግሁም ነበር ዋርሳዬ፤ ጠየቅሁ።

"በሩ ላይ ናት?" አልኳቸው።

"የለችም" አሉኝ። "ገብታለች።"

የቁንጥንጧ እናት